እማዬን የቀዳንበት ረቡዕ

የላይኛዋ ጎረቤታችን በር የምታንኳኳው በቡጢ ነው። ያን ቅዳሜ ግን በሁለት ቡጢ ነበር። ከምሳ በኋላ ነው፤ እኔ ልብስ እተኩሳለሁ፣ እማዬ ሶፋው ጥግ ተቀምጣ ምስር ትለቅማለች፣ አባዬ ጋዜጣውን ፊቱ ላይ አድርጎ ያንኮራፋል። በሩን ስከፍተው ሴትየዋ ግማሽ ፀጉሯ ተሠርቶ ግማሹ እንደተበተነ፣ በባዶ እግሯ ቆማለች። ደረጃውን የወረደችው ሳይሆን የወደቀችው ነው የምትመስለው።

«ቴሌቪዥን ክፈቱ! እናትሽ ቴሌቪዥን ላይ ናት! እየጨፈረች ነው!»

እማዬ ከሰፌዱ ቀና አለች። «እኔማ እዚህ ነኝ» አለቻት።

«አሁን ያለሽው አይደለሽም! የድሮዋ አንቺ! ልጅቷ አንቺ! ኧረ ክፈቱ፣ ሊያልቅ ነው!»

ሪሞቱን ከአባዬ ጎን መንጭቄ ከፈትኩ። ችግሩ የኛ ሪሲቨር ቸኩሎ አያውቅም። መጀመሪያ እንኳን ደህና መጣችሁ ይላል፤ ቀጥሎ ያስባል፤ ከዚያ በኋላ ቻናሉን እንደጠፋ ዘመድ መፈለግ ይጀምራል። ጎረቤታችን በባዶ እግሯ ወለሉን እየደበደበች ትጠብቃለች። በመጨረሻ ምስሉ ሲመጣ በጥቁርና ነጭ አንዲት ትከሻ፣ የቀሚስ ጥለት፣ ጭብጨባ። ወዲያው የልብስ ሳሙና ማስታወቂያ ገባ።

«አየሽው?» አለችኝ ጎረቤታችን።

«ትከሻ አየሁ» አልኳት።

«የማን ትከሻ? የእናትሽ ትከሻ!»

አባዬ ጋዜጣውን ከፊቱ አንስቶ «ማን ሞተ?» አለ።

«ማንም አልሞተም። ሚስትዎ እየጨፈረች ነው።»

አባዬ እማዬን አያት። እማዬ ምስሯን ትለቅማለች። «ኧረ ወደዚያ!» ብሎ ጋዜጣውን ወደ ቦታው መለሰው።

አይፈረድበትም። እማዬ አትጨፍርም። ሠርግ ስንጠራ እሷ ቦርሳ ጠባቂ ናት፤ የአክስቶቼ ቦርሳ፣ ኮት፣ ጫማ ሳይቀር ጭኗ ላይ ተከምሮ፣ ፊቷ ከክምሩ በላይ ብቅ ብሎ ታጨበጭባለች። ሙሽሮቹ ራሳቸው መጥተው ቢጎትቷት «እግሬን አሞኛል» ትላለች። አባዬ አግብቷት፣ እኔን ወልዳ፣ እኔም ትልቅ ሴት እስክሆን ድረስ አንድ ቀን ትከሻዋን ስታነቃንቅ አላየናትም። ጎረቤታችን ግን አልተፋታችንም። ሁለቱ አብረው ያደጉት እዚሁ ልደታ ነው፤ ኮንዶሚኒየሙ ከመሠራቱ በፊት፣ ግቢውም ሰፈሩም ጭቃ ቤት በነበረበት ጊዜ።

«ንገሪያቸው እንጂ» አለቻት። «የቀበሌው ኪነት ውስጥ እንደነበርሽ ንገሪያቸው!»

እማዬ ሰፌዱን ወለሉ ላይ አስቀመጠች። ፊቷ ቀልቷል። ከዚያ ነገረችን።

ያኔ ተማሪ ናት። አሁን መኪና የሚቆምበት ቦታ ላይ የቀበሌው አዳራሽ ነበር፤ የሰፈሩ ወጣቶች ከትምህርት ቤት ሲመለሱ እዚያ ውዝዋዜ ይለማመዳሉ። እማዬ ለቤት ሰው «ማጥናት ነው» ብላ እየወጣች ከፊት መስመር ተሰልፋለች። አንድ ቀን ከቴሌቪዥን ጣቢያ ካሜራ መጣ። ጉራጊኛውን ሲጨፍሩ፣ በጭብጨባው ላይ ሁሉም ባንድ ጊዜ መዞር ሲገባቸው፣ እማዬ ከጎኗ ካለው ልጅ ጋር ተላተመች። ካሜራው ከሄደ በኋላ አሠልጣኙ በሰው ፊት «አበላሸሽው! ወዴት ነው የዞርሽው?» ብሎ ጮኸባትና ወደ ኋላ መስመር አዛወራት። እሷም በማግስቱ ቀረች። በቃ፣ ከዚያ ወዲህ ጨፍራ አታውቅም።

«በቴሌቪዥን ሲታይስ?» አልኳት።

«ሰፈር ውስጥ የነበረው ቴሌቪዥን አንድ ብቻ፣ የአዳራሹ ነው። የሚታይበት ቀን አመሻሹ ላይ አባቴ ከሰው ሰምቶ መጣ። ‹ከዚህ ቤት ንቅንቅ እንዳትዪ› አለኝና ራሱ ኮቱን ለብሶ ወጣ። አዳራሹ ቅርብ ነው፤ ዘፈኑ ይሰማኛል፣ ጭብጨባው ይሰማኛል። ከዚያ ሰዉ ሁሉ ባንድ ላይ ሳቀ። በኔ ነው የሳቁት አልኩና ትራስ ውስጥ ተቀበርኩ።»

«አያቴስ ምን አለሽ?»

«ምንም። እያፏጨ ገባ፤ እራቱን በላ፣ ተኛ። ከዚያ በኋላም አንስቶት አያውቅም። እኔም ፈርቼ አልጠየቅኩትም። አሁን ደግሞ ማንን ልጠይቅ?»

አባዬ ጋዜጣውን አጥፎ ተቀምጧል። እማዬን የሚያያት የሆነ ባቡር ጣቢያ ላይ ድንገት እንዳገኛት ሴት ነበር። ቴሌቪዥኑ ግርጌ በኩል ጽሑፍ ያልፋል፤ የድሮ ዘፈንና ጭፈራ የሚያሳየው ፕሮግራም ረቡዕ ረፋድ ላይ በድጋሚ ይታያል ይላል። ጎረቤታችን ጮክ ብላ አነበበችው።

«እንቀዳዋለን» አልኩ።

እንዴት እንደምንቀዳው ግን አላውቅም ነበር። የሪሲቨራችን የፍላሽ መሰኪያ ከሞተ ቆይቷል፤ አባዬ አቧራ ላውጣለት ብሎ በሹካ ስለጎረጎረው። ጎረቤታችን በስልክ ከስክሪኑ ላይ እንቅዳው አለች። ብንሞክረው ምስሉ ላይ ከዜና አንባቢው ይልቅ የመስኮታችንና የተሰጣ አንሶላ ነጸብራቅ ጎልቶ ወጣ። ግን ቤት ውስጥ ኮምፒውተር አለኝ። ፍርድ ቤቱ አጠገብ ባለች አንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ለባለጉዳይ ማመልከቻ እተይባለሁ፤ አዲስ ኮምፒውተር ስገዛ አሮጌውን ዴስክቶፕ ወደ ቤት አምጥቼው ነበር። ከባድ ነው፣ ሲነሳ እንደ ወፍጮ ይጮኻል፣ ግን ይሠራል።

ሰኞ ከሥራ ስወጣ ሰንጋ ተራ አንድ ኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ገባሁና ጉዳዬን አስረዳሁ። ሻጩ ከመሳቢያው ውስጥ ከጣት ብዙም የማትበልጥ ጥቁር ነገር አወጣ። «ከሪሲቨሩ ቀይ፣ ነጭ፣ ቢጫውን ገመድ ታመጪና እዚህ ትሰኪያለሽ። ይቺን ደግሞ ኮምፒውተሩ ላይ። ከዚያ ቀዩን ምልክት መጫን ነው። ሕፃን ልጅ ይሠራዋል» አለኝ።

ቤታችን ሕፃን ልጅ አልነበረም። የነበርነው እኔ፣ እማዬና አባዬ ነን። እስኪመሽ ድረስ ገመዱን አንዱን ነቅለን ሌላውን ስንሰካ ቆየን፤ አባዬ ባትሪ ያበራል፣ እማዬ ቀለም ትጠራለች። በስተመጨረሻ የዜና አንባቢው ኮምፒውተሩ ላይ ብቅ ሲል ሦስታችንም ጮኽን። ቀዩን ተጫንኩ። ትንሽ ቀዳሁና አቆምኩ። ከዚያ ከፍተን አየነው።

ዜና አንባቢው ክራቫቱን አስተካክሎ፣ ካሜራውን ትኩር ብሎ እያየ አፉን ከፈተ። በአባዬ ድምፅ «ሽንኩርቱ አረረ እኮ!» አለ።

ከዚያ በእማዬ ድምፅ «አንተ ለምን አታወርደውም ታዲያ?» ብሎ ወረቀቱን ገለጠ።

ለካ ኮምፒውተሩ ድምፅ የወሰደው ከሪሲቨሩ ሳይሆን ከራሱ ማይክ ነው። ያን ያህል ስቄ አላውቅም። እማዬ ወለሉ ላይ ተቀምጣ በነጠላዋ ዓይኗን ትጠርጋለች። አባዬ «ድገሚው፣ ድገሚው» ይላል። ሰውየው የአገር ጉዳይ በሚነገርበት ፊት ስለ ሽንኩርት ደጋግሞ ነገረን፤ እውነተኛው ሽንኩርትም በዚያው አረረ።

ማክሰኞ ድምፁን አስተካከልኩ። ከዚያ በኋላ ቤታችን አበደ ማለት ይቻላል። ያገኘነውን ሁሉ ቀዳን፤ የአየር ትንበያ፣ ነፃ ትግል፣ ስለ ንብ እርባታ የሚያወራ ሰውዬ፣ የማናውቀው ቋንቋ ድራማ። ከሁሉም የባሰበት አባዬ ነው። ዕድሜ ልኩን ከቴሌቪዥን ጋር ሲከራከር የኖረ ሰው ነው፤ ሁልጊዜም የሚናደደው ሳያስጨርሱት ወደሚቀጥለው ርዕስ ስለሚያልፉ ነበር። አሁን ግን ማቆም ይቻላል።

«አቁሚው!» ይለኛል። አቆመዋለሁ። እንግዳው ጣቱን እንደቀሰረ፣ አንድ ዓይኑ ግማሽ ተከድኖ ድርቅ ይላል። አባዬ ከሶፋው ተነስቶ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ «በመጀመሪያ ደረጃ፣ ያነሱት ነጥብ ስህተት ነው» ብሎ ይጀምራል። የሚለውን ሁሉ ብሎ፣ ሰውየውን ካሸነፈው በኋላ ተቀምጦ እጁን ይዘረጋል፤ «አሁን ይቀጥሉ።»

«ጡረታ የወጣሁት ለዚህ ነው» አለን በኋላ፣ በደስታ ላብ ላብ ብሎት።

ረቡዕ ከሥራ ቀረሁ። ጎረቤታችን በጠዋት ወርዳለች፤ ፀጉሯ በሙሉ ተሠርቷል። እማዬ ከመታጠቢያ ቤቱ የወጣችው ነጭ ቀሚሷን ለብሳ፣ ዓይኗን ተኩላ ነው። «ምን ሆነሽ ነው? እሷ አንቺን አታይሽም እኮ» አላት አባዬ። «ዝም በል» አለችው። ገመዱ ተሰክቷል፣ ድምፁ ተፈትሿል፣ አራታችንም ኮምፒውተሩ ፊት ተደርድረናል።

መብራት ጠፋ።

ወፍጮው ቀስ እያለ ድምፁ ሞተ። አባዬ ወደ ጣሪያው ቀና ብሎ አምፖሉን በልመና ዓይን አየው። ጎረቤታችን በረንዳው ላይ ወጥታ አንገቷን ካሰገገች በኋላ እንደ ዘብ ጮኸች። «ማዶ አለ! የሐጂ ሱቅ መብራት አለ! ቴሌቪዥናቸውም ክፍት ነው!»

ሐጂ ከፊት ለፊታችን ባለው ሕንፃ ምድር ቤት ሱቅ አላቸው። ስኳርና ዘይት ከመግዛት በቀር ብዙም አንጫወትም ነበር፤ ቁጥብ ሰው ናቸው። ግን ዲሽ አላቸው፣ ሪሲቨር አላቸው፣ ከሁሉም በላይ መብራት አላቸው።

እንዴት እንደወረድን አሁን ሳስበው ያስቀኛል። አባዬ ስክሪኑን በጋቢ ጠቅልሎ አቅፎታል። ጎረቤታችን ሲፒዩውን በእጅ ስይዘው ይከብደኛል ብላ እንደ ልጅ በነጠላ ጀርባዋ ላይ አዘለችው። እማዬ ኪቦርዱን በሁለት እጇ ዘርግታ፣ ማውሱን አናቱ ላይ አስቀምጣ ዳቦ እንደያዘች ሴት ትራመዳለች። እኔ አንገቴ ላይ ገመድ በገመድ ሆኜ ከኋላ እሮጣለሁ። ግቢው መሃል አንድ ዘበኛ «ለቀቃችሁ እንዴ?» ብሎ ጠየቀን። «ልንጨፍር ነው!» አለችው ጎረቤታችን፣ እየሮጠች፣ የታዘለውን ሲፒዩ ከታች በእጇ እሹሩሩ እንደማለት ደገፍ አድርጋ።

ሐጂ ከባንኮኒው ጀርባ ሆነው አዩን። ሱቁ ውስጥ ዘይት ልትገዛ የመጣች ሴትና ሁለት የታክሲ ተራ አስከባሪዎች ቴሌቪዥን ላይ ኳስ ያያሉ።

«ሐጂ፣ ይቅርታ ያድርጉልን» አልኩ እያለከለክሁ። «እናቴ አሁን በቴሌቪዥን ልትታይ ነው፤ በልጅነቷ። ልንቀዳው ነበር፣ መብራት ጠፋብን።»

ሐጂ የታዘለውን ኮምፒውተር አዩ፣ ጋቢውን አዩ፣ የተኳለችውን እማዬን አዩ። ከዚያ ሪሞቱን አነሱ።

«ኧረ ሐጂ፣ ጨዋታው!» አሉ ተራ አስከባሪዎቹ።

«ጨዋታ ይደገማል። ለጎረቤት ነው» አሉና ቻናሉን ለወጡት። «እዚህ ስኳሩ ላይ አስቀምጡት።»

ስክሪኑን የስኳር ጆንያ ላይ፣ ሲፒዩውን የዱቄት ጆንያ ላይ አቆምነው። ገመዱን ከቴሌቪዥናቸው ነቅዬ በኔዋ ጥቁር መሰኪያ ላይ ሰካሁት፤ ቴሌቪዥኑ ጨለመ። ኮምፒውተሩን አበራሁ። ወፍጮው ተነሳ። ሁሉም ሰው ተጠጋ። ስክሪኑ ሰማያዊ ሆነና ጽሑፍ አወጣ፤ አፕዴት እያደረግኩ ነው፣ እባክዎ አያጥፉኝ የሚል።

«ምን አለ?» አለች እማዬ።

«ቆዩ አለ።»

«ማንን ነው የምንጠብቀው?»

እየዞረች የምታስጠብቅ ትንሽ ክብ አለች አይደል፣ እሷ ትዞራለች። አባዬ «ልደታ፣ እመቤቴ፣ አደራሽን» ይላል። ሐጂ «ኢንሻአላህ ይደርሳል» ይላሉ። ዘይት የምትገዛዋ ሴት ጉዳዩ ሳይገባት እንኳ ከንፈሯን እየነከሰች ትጨነቃለች። ክቧ ቆመች፤ ኮምፒውተሩ ተከፈተ! ጠቅ አደረግኩ፣ ጠቅ አደረግኩ፣ ምስሉ መጣ። አንድ ክራር የያዘ ሰውዬ እየዘፈነ ነው። ቀዩን ምልክት ተጫንኩትና እጄን ከማውሱ ላይ አነሳሁ፤ እንዳልነካው ፈርቼ ከጀርባዬ ደበቅኩት።

ክራሩ አልቆ አቅራቢዋ ትንሽ አወራች። ከዚያ መጡ።

ሁለት መስመር ወጣቶች፣ ጥቁርና ነጭ፣ ጀርባቸው ላይ መጋረጃ። ፊት መስመር ላይ ከግራ ሁለተኛዋ ቀጭን፣ ረዥም አንገት፣ ጉንጯ ላይ ስርጉድ ያላት ልጅ። ማንም ሳይነግረኝ አወቅኋት። የኔን ፊት ነው የያዘችው፤ ያለኔ ስጋት።

እግሯን ሲያዩት! መሬቱን የምትረግጠው እየነካች ሳይሆን ለአፍታ እየተበደረች ነው። ሐጂ ባንኮኒውን ዞረው ወጡ። «ይቺ ልጅ ማናት?» አሉ።

«እኔ ነኝ» አለች እማዬ፣ ድምፅዋ ጠፍቶ።

«እንዲህ ነው የሚረገጠው! በኛም አገር እንዲህ ነው!» አሉና ሐጂ ራሳቸው ሳያውቁት በተረከዛቸው መምታት ጀመሩ።

ጭብጨባው እየፈጠነ መጣ። እማዬ ክንዴን ያዘችኝ፤ ጥፍሯ ይሰማኛል። «አሁን ነው። አሁን ነው የማበላሸው» አለችኝ። ሁሉም አጨበጨቡ፣ ዞሩ፤ ልጅቷና ከጎኗ ያለው ጎፈሬው ልጅ ትከሻ ለትከሻ ተጋጩ።

«ቆይ!» ብላ ጮኸች እማዬ። «አቁሚው! መልሺው!»

«አይቻልም እማዬ፣ እየቀዳ ነው! ካቆምኩት ይቋረጣል!»

«ወይኔ!» አለችና ሁለት እጇን አፏ ላይ አድርጋ እስከ መጨረሻው በአንድ እግሯ ቆማ ጠበቀች። እንዳለቀ አቆምኩትና ወደ ኋላ መለስኩት። ስምንት ጭንቅላት ስኳር ጆንያው ላይ አጎነበሰ። ቀስ አድርጌ ለቀቅኩት። ጭብጨባ። ፊት መስመር፣ ኋላ መስመር፣ ሁሉም ወደ ቀኝ። እማዬም ወደ ቀኝ። ጎፈሬው ብቻ ወደ ግራ።

«ድገሚው» አለች እማዬ። ደገምኩት። ጎፈሬው ወደ ግራ። «ድገሚው።» ወደ ግራ። አቆምኩት፤ ጎፈሬው እዚያው ድርቅ አለ፤ ብቻውን ወደ ሌላ አገር የሚሄድ ሰው ይመስላል።

«እሱ ነው የተሳሳተው» አለ አንደኛው ተራ አስከባሪ፣ እንደ ዳኛ።

«እሷ ልክ ናት። ምንም ጥያቄ የለውም» አሉ ሐጂ።

«አልተሳሳትኩም!» አለች እማዬ። አባዬን ዞራ አየችው። «አልተሳሳትኩም እኮ! እኔ አልነበርኩም!»

ዘይት የምትገዛዋ ሴት እልል አለች። ጎረቤታችን ተቀበለቻት። አባዬ «ኧረ የኔ ቀኝ ዟሪ!» ብሎ እማዬን አቀፋት፤ በሰው ፊት ሲያቅፋት ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት ያኔ ነው። እኔም ቀጥሎ ያለውን ስለቅቀው ቅዳሜ ያመለጠን ነገር ታየ። ከተጋጩ በኋላ ልጅቷ አልደነገጠችም። ለአፍታ ቆም ብላ ልጁን አየችውና ጥርሷ እስኪታይ ሳቀች፤ ሳቋን ሳትጨርስ ዘልላ ወደ ምቱ ተመለሰች። እሷ ስትስቅ እኛም ሱቁ ውስጥ ያለነው ሁላችንም ሳቅን። ሳንፈልግ ነው የሳቅነው። ሌላ ማድረግ አይቻልም ነበር።

እማዬ ሳቃችንን ሰማችና ዞራ አየችን። «እንዲህ ነበር የሳቁት» አለች። «ከቤት ሆኜ የሰማሁት ይሄን ነው።» ከዚያ ደግሞ፣ ቀስ ብላ፣ «አባቴ አይቶታል። ለዚህ ነው ለካ ያፏጨው።»

ዓይኗ እንባ ሞላ፤ ኩሉ ሊበላሽ ነው ብዬ ስፈራ ሐጂ «እስቲ ከመጀመሪያው ልቀቂው፣ ድምፁን ጨምሪው» አሉኝ። ለቀቅኩት። እማዬ ነጠላዋን ከትከሻዋ አውርዳ ለአባዬ ሰጠችው። በዱቄቱና በስኳሩ መካከል፣ ሁለት ሰው በማያሳልፍ ቦታ ላይ፣ የታመመ የተባለውን እግሯን አንስታ ረገጠች። መጀመሪያ ጠጠር ላይ እንደምትሄድ ፈራ ተባ እያለች፤ ከዚያ ልጅቷ እየመራቻት፤ ከዚያ ማን ማንን እንደሚመራ ጠፋኝ። በመዞሪያው ላይ ሱቁ በሙሉ «ወደ ቀኝ!» ብሎ ጮኸ። እሷም ወደ ቀኝ ዞረችና የሳሙናውን ክምር በክርኗ ናደችው። ሐጂ «ተዉት፣ ተዉት፣ ይነሳል!» ይላሉ፣ እያጨበጨቡ።

ያን ቅጂ ጎረቤታችን በማግስቱ የድሮ ሰፈራቸው ልጆች ያሉበት የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ለቀቀችው። ቤቶቹ ሲፈርሱ ግማሹ ሰው ጀሞ፣ ግማሹ ገላን፣ የቀረው እዚሁ ተበትኗል፤ ግሩፑ በአብዛኛው የለቅሶ ማስታወቂያ ነበር። አሁን ግን ስልኳ እንደ ጥሬ ይንጣጣ ጀመር። ይቺ እኔ ነኝ! ያ ወንድሜ ነው! ቀሚሱን የሰፋችው እናቴ ናት! የግንቦት ልደታም ደርሷልና በዓሉን ግቢያችን እንድናከብር ተወሰነ።

የዚያን ቀን ግቢው ሞላ። ንፍሮው በትልቅ ድስት ቀረበ፣ ዳቦው ተቆረሰ፣ ሐጂ ቴምርና ለስላሳ ይዘው መጡ። ኮምፒውተሩን ከምድር ቤት በተሳበ ገመድ ሜዳ ላይ አወጣሁት። ሽበታም ሰዎች ተሰብስበው ራሳቸውን በጣት ይጠቁማሉ። በመካከል አንድ ራሰ በራ፣ ባርኔጣ ያደረገ፣ ሆዱ ገፋ ያለ ሰውዬ ከጀሞ መጣ። እማዬ ከሩቅ አወቀችው።

«ጎፈሬህስ?» አለችው።

«ከሰፈሩ ጋር ፈረሰ» አላትና ተቃቀፉ። ከዚያ ዞሮ አብራው ለመጣችው ባለቤቱ «ይቺ ናት እኮ ያቺ የማወራልሽ፣ የተጋጨችኝ» አላት። ለካ ሰውየው በየሠርጉ፣ በየማኅበሩ ስለዚያች አንድ ልጅ ሲያወራ ነው የኖረው፤ ቀኝና ግራዋን ስለማታውቅ፣ በቴሌቪዥን ፊት ስለተላተመችው ልጅ።

የአባዬ ፊት በደስታ ሊሰነጠቅ ደረሰ። ወንበር ሰጥቶ አስቀመጠው። «ማስረጃው ይቅረብ» አለኝ። ለቀቅኩት። በመዞሪያው ላይ አቆምኩት።

ሰውየው መነጽሩን አውልቆ ጠረገ፣ አደረገ፣ ተጠጋ። «ካሜራው ገልብጦት ይሆናል» አለ።

«አዳራሹን በሙሉ ገልብጦት?» አለው አባዬ።

«እስቲ ድገሚው፣ ልጄ።» ደገምኩለት። ባርኔጣውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አኖረ። በመጨረሻ እማዬን ቀና ብሎ አያት፤ ከልቡ አዝኖ «እኔ እኮ ይህን ሁሉ ዘመን ይቅር ብዬሽ ነበር!» አላት።

እማዬ ሳቋ ገንፍሎ ንፍሮው ከእጇ ተበተነ። እሱም ሳቀ፤ ባለቤቱ ጀርባውን እስክትመታው ድረስ ሳቀ። ያኔ አንዱ ከበሮ አመጣ፤ ከቅጂው ውስጥ የነበሩት ከያሉበት ተነሱ። ጉልበት ያመመው ተነሳ፣ ስኳር ያለበት ተነሳ፣ መስመር ሠሩ፤ ፊት መስመር ላይ ከግራ ሁለተኛዋ እማዬ።

አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የግቢው የጋራ ቤት ውስጥ ይለማመዳሉ። ማን እንደጠየቃቸው፣ የት እንደሚያቀርቡት አይታወቅም፤ እማዬ «ለራሳችን ነው» ትላለች። አባዬ ወንበር ይደረድራል፣ ከዚያ ከሐጂ ጋር ዳር ቆመው ስለ እግር አጣጣል ይከራከራሉ። እኔ ኮምፒውተሩ ላይ ቦታ አልቆብኝ ንቡን፣ ነፃ ትግሉን፣ አብዛኛውንም የአባዬን ክርክር ደመሰስኩ።

ትናንት ከሥራ ስገባ እማዬ ራሷ ገመዱን ሰክታ ጠበቀችኝ፤ ቀይ በቀይ፣ ነጭ በነጭ፣ ቢጫ በቢጫ። «ቶሎ ነይ» አለችኝ ጫማዬን እንኳን ሳላወልቅ። «የወላይታ ጭፈራ ሊያሳዩ ነው። ወገቡን እንዴት እንደሚያደርጉት በቀስታ ማየት አለብኝ።»